የአውቶቡሱ ጎን

ሚጢጢ የሚለውን ስም ያወጣላት ባሏ ነው። ቁመቷን አይቶ እንዳይመስላችሁ፤ በቁመትማ እሱን በግማሽ ራስ ትበልጠዋለች። ፎቶ ሲነሱ እንኳ እሱ ደረጃ ፈልጎ ነው የሚቆመው። ስሙ የወጣላት ከምትሠራው ነገር ነው። ቀን ቀን በአንድ የጥርስ ክሊኒክ ጓሮ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ትቀርጻለች። ማታ ማታ ደግሞ ከፕላስቲክ እየቆረጠችና እያጣበቀች፣ እውነተኞቹን ቁርጥ አድርገው የሚመስሉ ትንንሽ መኪኖች ትሠራለች። የሩዝ ፍሬ የምታህል የጎን መስታወት፣ ከክብሪት እንጨት የቀጠነ የዝናብ መጥረጊያ፣ እንደ ምስር ክክ የተደረደሩ መብራቶች፤ ይሄ ሁሉ ለእሷ ውሃ እንደ መጠጣት ነው።

የሚያሸንፋት ሰፊው ነገር ነው። የጭነት መኪና ሳጥን፣ የአምቡላንስ ጎን፣ የአውቶቡስ ሆድ። ትንሽ ነገር ላይ ስህተት ቢኖር ማን ያየዋል? በጥላ ይሸፈናል፣ በጎረቤቱ ያመካኛል። ሰፊና ዝርግ የሆነ ነገር ላይ ግን ዓይን ታጥቦ ባልደረቀ ሊሾ ላይ እንደሚሄድ እግር ይንሸራተትና፣ አንዲት ጭረት ሲያገኝ እዚያው ቀጥ ብሎ ይቆማል።

«መደበቂያ የለውማ፤ ልክ እንደ መላጣ» ትለዋለች ባሏን። ባሏ ፀጉሩ መሳሳት ከጀመረ ወዲህ ይህን ምሳሌ አይወደውም።

ባሏ ቀያሽ ነው፤ መንገድ ከመሠራቱ በፊት ቀድሞ ሄዶ መሬቱን የሚለካ። የወሩን ግማሽ የሚያሳልፈው መስክ ነው።

ከኮሪደሩ ጫፍ ያለችው ክፍል የሚጢጢ ነበረች። ምንጣፍ የሌላት፣ በሯ ከተዘጋ አቧራ የማይነሳባት፣ በመስኮቷ የጠዋት ብርሃን ግጥም ብሎ የሚገባባት ክፍል። የባሏ እናት ሲያርፉ አባቱ ብቻቸውን ቀሩ። ቀያሹ ከእኛ ጋር ይሁኑ ብሎ ቢለምን ቢለምን «እኔ የሰው ቤት አላጣብብም» ብለው አሻፈረኝ አሉ። በኋላ ግን እሺ አሉ።

«ክፍሏ ባዶ ናት አልኳቸው» አላት ቀያሹ አንገቱን ደፍቶ። «ዕቃ ማስቀመጫ ናት፣ ማንም አይፈልጋትም አልኳቸው። እንደዚያ ካላልኩ አይመጡም።»

«ታዲያ ይምጡ እንጂ» አለች ሚጢጢ።

ከልቧ ነበር። በአንድ ከሰዓት በኋላ ክፍሏን ባዶ አደረገች፤ ጠረጴዛዋንም ሳሎን፣ ከሶፋውና ከበረንዳው በር መሃል ሰነቀረችው። ከልብ የሰጡትን ነገር ግን ዓይን አንዳንዴ ይከተለዋል። በኮሪደሩ ባለፈች ቁጥር የተዘጋውን በር ገልመጥ ታደርገው ነበር።

አማቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። መጀመሪያ «ካፒቴን» ያላቸው ረዳታቸው ነው አሉ፤ ከዚያ ተሳፋሪው፣ ከዚያ ሰፈሩ፣ በመጨረሻም የገዛ ባለቤታቸው ሳይቀሩ ካፒቴን ይሏቸው ጀመር። ልጃቸው ቤት ሲገቡ ይዘው የመጡት አንድ ሻንጣና አንድ ሰፊ የእንጨት አልጋ ነበር። «ሻንጣው ቢቀር ይቀራል፤ አልጋዬ ግን ይገባል» ብለው ለተሸካሚዎቹ ቁርጡን ነገሯቸው። አልጋው ተፈታትቶ ገባ፣ ክፍሉ መሃል ተገጣጠመ፣ ለመራመጃም ጭላጭ ቦታ ተወ።

ክፉ ሰው አልነበሩም። ዝምተኛ ነበሩ። የበሉበትን ሳህን ራሳቸው ያጥባሉ። ሬዲዮ ሲከፍቱ ድምፁን ከመቀነሳቸው የተነሳ ሬዲዮው ራሱ የሚያወራውን መስማቱ ያጠራጥራል።

«ሻይ ልጨምርሎት አባባ?»

«በቃኝ ልጄ፣ ተባረኪ።»

«ሌላ የሚያስፈልጎት ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም።»

ወሬያቸው በዚህ ያልቃል። ቀያሹ ቤት ሲሆን በመሃላቸው እንደ አስተርጓሚ ይሆንላቸዋል። እሱ መስክ ሲወጣ ግን ሁለቱ አንድ ወንበር ላይ እንደተገጣጠሙ የማይተዋወቁ ተሳፋሪዎች፣ እያንዳንዳቸው ወደየራሳቸው ወገን ያያሉ።

በዚያ ሰሞን ሚጢጢ የያዘችው አውቶቡስ ነበር። የድሮ ዓይነት፣ ፊቱ ድቡልቡል፣ ጎኑ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዝርግ የሆነ ረጅም አውቶቡስ። ልጅ ሆና ትምህርት ቤት የተመላለሰችበት ዓይነት ስለሆነ ወደደችው እንጂ ለማንም ብላ አልጀመረችውም። ወንበሮቹ፣ መሪው፣ የበሩ እጀታ ሁሉ አልቀው ቀለሙ ብቻ ቀርቷታል።

መጀመሪያ ሰማያዊውን ቀለም ከጠርሙሱ እንደወረደ፣ ወፍራሙን ቀባችው። ሲደርቅ ጎኑ በማበጠሪያ የተበጠረ ፀጉር መሰለ፤ የብሩሹ ጭረት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ቀለሙን አጥባ አነሳችው። ቀጥሎ ቀለሙን በውሃ አቅጥና ሞከረች። የመጀመሪያው እጅ ቅብ ስስ ሆኖ ደህና ወጣላት፤ ነገር ግን መሃል ላይ አንዲት የሳሳች ቦታ አየች። አላስቻላትም። ጥርስ ሲሠራ እዚህ ነካ፣ እዚያ ጨመር እየተደረገ ነው የሚያምረው፤ እጇም የለመደው ይህንኑ ነው። በብሩሹ ጫፍ ነካ አደረገቻት። ግማሽ የደረቀው ቀለም ከብሩሹ ጋር ተያይዞ ተነሳና እንደ ወተት ስልባቦት ተሸበሸበ። ላቃናው ብላ ስትጨምርበት ባሰበት።

በሌላ ጊዜ ደግሞ እጇን ገታች። ሳሎኑ ግን አልተገታላትም። የሶፋው ጨርቅ፣ የምንጣፉ ብናኝ፣ የመጋረጃው ክር፣ እርጥብ ቀለም ላይ መጥቶ ያላረፈ ነገር የለም። ጠዋት ስታየው አውቶቡሱ ጢም አብቅሏል።

«ጢም ያለው አውቶቡስ ሠራሁ» አለችው ባሏን በስልክ።

«ታዲያ ላጪው!»

«አንተ ስቀህ ትተኛለህ፤ እኔ ነኝ የምላጨው።»

አንድ ሐሙስ ግን ቀናት። ሳሎኑን ጠረገች፣ መስኮቱን ዘጋች፣ ቀለሙን አቅጥና ሁለት እጅ ቀባችው፤ እያንዳንዱን ቀብታ ስትጨርስም የጫማ ካርቶን ክዳን ደፋችበት። አርብ ጠዋት ክዳኑን ስትገልጠው ጎኑ ልሙጥ ነው። ማመን አቃታት። ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት ሦስተኛውን እጅ ደረበችለት፣ ክዳኑን መለሰች፣ ደረጃውን እያፏጨች ወረደች።

ማታ ስትመለስ ካፒቴን ሳሎኑ መሃል ቆመው አገኘቻቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረዋል፤ መስኮት የሰበረ ተማሪ ይመስላሉ።

«ልጄ፣ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ» አሉ።

ሚጢጢ ክዳኑን አነሳችው። ከአውቶቡሱ ጎን እኩሌታ ላይ አንድ አውራ ጣት ቁልጭ ብሎ ታትሟል። በዙሪያው ደግሞ በመሐረብ ሊጠርጉት ሞክረው ኖሮ፣ ቀለሙ ተላቆ፣ ነጩ ፕላስቲክ አግጥጧል።

«ምን ሆነው ነው የነኩት?»

«እንጃ። እጄ ነው የሄደው።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ሳይሻል አይቀርም ነበር። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ ለራሷ እንደሚያወራ ሰው ሆና «የገዛ ክፍሌ ቢኖረኝ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር» አለች።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቃሉን ልትይዘው ብትፈልግም ሄዷል።

«የትኛው ክፍልሽ?» አሉ ካፒቴን።

ሚጢጢ የካርቶኑን ክዳን መልሳ ደፋችው።

«የምተኛበት ክፍል ያንቺ ነበር?»

«ይተዉት አባባ። ደክሞኝ ነው።»

«ዕቃ ማስቀመጫ ነው ብሎኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ዕቃ መስኮት ምን ያደርግለታል ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ።»

ወደ ክፍላቸው ገቡና በሩን ድምፅ ሳያሰሙ ዘጉት። ለእራት ስትጠራቸው አልራበኝም አሉ። ሚጢጢም ሾርባዋን ብቻዋን ፉት አለች። ቀያሹ ጋ ልትደውል ስልኩን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። አባትህን አስቀየምኳቸው ተብሎ በስልክ ምን ይባላል?

ቅዳሜ ጠዋት ከእንቅልፏ የቀሰቀሳት «ጓ!» የሚል ድምፅ ነው። ብርር ብላ ወጣች። የካፒቴን አልጋ በጎኑ ተጋድሞ፣ ራስጌው ኮሪደሩ ላይ ወጥቷል፤ ግርጌው ግን ገና ክፍሉ ውስጥ ነው። ከአልጋው በስተጀርባ የካፒቴን ግንባር ብቻ ይታያል።

«አባባ! ምን እየሆኑ ነው?»

«አልጋዬን እያወጣሁ ነው።»

«ወዴት?»

«ሳሎን። ከሶፋው ጀርባ ልክ ይሆናል፤ ለክቼዋለሁ።»

«በምን ለኩት?»

«በእርምጃ።»

«በሞቴ ይመልሱት።»

«አይመለስም።»

«እልህ ነው እንዴ?»

«ኧረ የምን እልህ፤ ተቀርቅሮ ነው እንጂ!»

ሚጢጢ ከንፈሯን ነከሰች። ገፋችው፤ ነቅነቅም አላለ። ጎተተችው፤ እግሩ የበሩን መቃን ነክሶ ይዞታል።

«ስንቱን ጠባብ መንገድ አውቶቡስ ያሳለፉ ሰውዬ!»

«አውቶቡስ የኋላ ማርሽ አለው» አሉ ካፒቴን ከውስጥ።

አልጋው የገባው ተፈትቶ ነው፤ እንዲወጣም ሆነ እንዲመለስ መፈታት አለበት። የብሎን መፍቻው ያለው በቀያሹ መሣሪያ ሳጥን ውስጥ ነው፣ ሳጥኑ መኪናው ውስጥ ነው፣ መኪናው መስክ ነው። ቤት ውስጥ የቀረው ሚጢጢ የጥርስ ሽቦ የምትጠመዝዝበት ትንሽ ፒንሳ ብቻ ነው። ብሎኖቹ ደግሞ ያሉት በክፍሉ በኩል ነው።

«ያንን ነገር በታች አቀብዪኝ፤ እኔ እፈታዋለሁ።»

«በትናንሽ ነገር እኔ እሻላለሁ። ዞር ይበሉልኝ፤ ልገባ ነው።»

አልጋው ከወለሉ ከፍ ብሎ ስለተቀረቀረ፣ በሥሩ በደረቷ እየተሳበች ገባች። ቁመቷ ያን ያህል መሆኑን እንደዚያ ቀን ረግማው አታውቅም፤ ራሷ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ እግሯ ገና ኮሪደሩ ላይ ነበር። ካፒቴን እጇን ይዘው አነሷት። ፀጉሯ ላይ የተጠቀለለውን አቧራ አዩና ልክ እንደ አባት አራገፉላት።

«እንግዲህ አሁን ሁለታችንም ተቀረቀርን» አሉ።

ያን ጊዜ አመለጣት። ሳቀች። እሳቸውም ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። የካፒቴንን ሳቅ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው፤ እንደ ናፍጣ ሞተር ነው፣ ለመነሳት ይቸገራል እንጂ ከተነሳ አይጠፋም።

መሬት ላይ ተቀምጠው መፍታት ጀመሩ። እሷ በፒንሳዋ ብሎኑን ታላላለች፣ እሳቸው አልጋው እንዳይወድቅባት ደግፈው ይይዛሉ። የጠዋቱ ብርሃን እንደ ድሮው በመስኮቱ ገብቷል። መስኮቱ ደፍ ላይ ሬዲዮናቸው አለ። ከሥሩ በደንብ የተወለወሉ ሁለት ጥንድ ጫማዎች ተሰልፈዋል። ሚጢጢ ግድግዳው ላይ ዓይኗ ሲያርፍ አዩዋት።

«መደርደሪያ ነበረበት እዚያ ጋ? ቀዳዳዎቹን እያየሁ ምን ይሆኑ እል ነበር።»

«አዎ፣ ነበረበት።»

ሌላ ብሎን ፈቱ።

«ትናንት ለምን ነኩት ብለሽኝ ነበር» አሉ ካፒቴን። «ጠዋት ጠዋት መኪናዬን ከማስነሳቴ በፊት አንዴ ዙሪያውን እዞረው ነበር። ጎማውን በእግሬ መታ መታ፣ ጎኑን በመዳፌ ዳበስ። ምን እንደሚጠቅም አላውቅም። ሳልዳብሰው ከሄድኩ ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር የረሳሁ ይመስለኝ ነበር። ያንቺን ክዳን ስከፍት ያ ሰማያዊ ጎን ቁጭ ብሏል። እጄ ቀደመኝ።»

«እንዲህ ዓይነቱን ነበር እንዴ የሚነዱት?»

«ይሄንኑ ራሱን። መጀመሪያ የተሰጠኝ መኪና እሱ ነው።»

«ታዲያ ሳሎን ውስጥ ይሄን ያህል ጊዜ ስሠራው አንድ ቀን እንኳ አይነግሩኝም?»

«አልጠየቅሽኝም።»

«እርሶስ ምን እንደምሠራ ጠይቀውኝ ያውቃሉ?»

«አንገትሽን ደፍተሽ ስትሠሪ ማን ይደፍርሻል? መርፌ የያዘ ሐኪም ነው የምትመስዪው።»

ሚጢጢ ፒንሳውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «አባባ፣ ማታ የተናገርኩት ነገር...»

«እውነት ነው የተናገርሽው። በእውነት ይቅርታ አይባልም። ጥፋቱ የዚያ ቀያሽ ነው። አገር ምድሩን እለካለሁ እያለ ይዞራል፤ የገዛ ቤቱን መለካት አቃተው!»

«እርሶ እንዲመጡለት ብሎ ነው።»

«አውቃለሁ። ለእሱም ቢሆን አንድ ጆሮውን ሳልቆነጥጠው አልቀርም።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሳሎን መተኛት አይከብደኝም። መኪና ውስጥ ስተኛ የኖርኩ ሰው ነኝ።»

«ሳሎን አይተኙም። አልጋው ወደ ግድግዳው ይጠጋ፣ ጠረጴዛዬ መስኮቱ ሥር ይግባ። ቀን ቀን እርሶ እዚህ ክፍል አይቀመጡም። እኔም ማታ የምሠራው እስኪተኙ ነው።»

«መብራቱ አይረብሸኝም። የፊት ለፊት መኪና መብራት ስንት ዓመት ዓይኔን ወግቶታል።»

«የቀለሙ ሽታስ?»

«ናፍጣ ያልገደለኝን ያንቺ ውሃ ቀለም ይገድለኛል?»

በዚህ ተስማሙ። የመጨረሻው ብሎን ሲፈታ ራስጌው ኮሪደሩ ላይ ዘፍ አለ። ረፋዱ ላይ አልጋው ግድግዳው ሥር ተለጥፎ፣ ጠረጴዛውም መስኮቱን ታክኮ ገባ። በመሃላቸው አንድ ወንበር ይተርፋል፤ አልጋው ጠርዝ ላይ የሚቀመጥ ሰው ካለ ደግሞ የሚሠራውን ነገር ቁልቁል በደንብ ያያል።

አውቶቡሱን የማጠቡን ሥራ ካፒቴን ለማንም አልሰጡም። «ያበላሸሁት እኔ፣ የማጥበውም እኔ» አሉ። አልኮልና ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ሰጠቻቸው። ሰማያዊውን አንድም ሳያስቀሩ አራገፉት። ከዚያ በጣም ለስላሳ የሆነ የብርጭቆ ወረቀት አምጥታ፣ ውሃ እያስነካች ጎኑን እንዴት እንደሚያሹት አሳየቻቸው፤ ሳይጫኑ፣ በአንድ አቅጣጫ። ይህ ሥራ ለእሷ ሞቷ ነው፤ አምስት ደቂቃ ካሸች ይታክታታል። ካፒቴን ግን ወደዱት። ያሻሉ፣ በጨርቅ ይጠርጋሉ፣ ወደ መስኮቱ አንስተው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጎኑን በቁመቱ ያያሉ፣ «ገና ነው» ይላሉ፣ እንደገና ያሻሉ። እሑድ ከሰዓት እያሹ ስለ ተሳፋሪዎቻቸው አወሩላት። ዶሮዋን ሙሽራ ናት ብላ ሻሽ አልብሳ ስላሳፈረች ሴት ሲነግሯት፣ ሚጢጢ በሳቅ ውሃውን ልትደፋው ነበር።

ማታውን ለመቀባት ተቀመጠች። ሰፊውን ለስላሳ ብሩሽ መረጠች፤ ቀለሙንም ወተት እስኪመስል አቀጠነችው። የመጀመሪያውን መስመር ስትስብ ግን እጇ መሃል ላይ አመነታ፣ መስመሩም ተጣመመ።

«ልጄ፣ ምኑን ነው የምታዪው?» አሉ ካፒቴን ከአልጋው ጠርዝ።

«የብሩሹን ጫፍ ነዋ።»

«እኔ ጀማሪ ሳለሁ፣ ሜዳ ላይ መኪናው እንደ እባብ ይሄድብኝ ነበር። አፍንጫዬ ሥር ያለውን መንገድ እያየሁ መሪውን ስነካካው ነው ለካ። ያስተማሩኝ ሰውዬ ሩቅ እይ አሉኝ። እኔ ስለ ቀለም አላውቅም፤ ብቻ ትዝ አለኝ።»

ሚጢጢ የተጣመመውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችው። ብሩሹን ነክራ፣ ዓይኗን አውቶቡሱ ጅራት ላይ፣ የኋላ መብራቱ ላይ ተከለች። ሳትቆም ሳበች፤ ብሩሹንም ከጠርዙ አሳልፋ ነው ያነሳችው። መስመሩ ቀጥ አለ። ቀጥሎ ያለውን የፊተኛው ሳይደርቅ ከጎኑ አስጠግታ ሳበች። እንዲህ እያለች እስከ ታች ወረደች።

ሲያልቅ መሃሉ ላይ ያቺ የሳሳች ቦታ አለች። ሌላ ቦታ ብትሆንም ያችው ናት። የሚጢጢ እጅ ተነሳ። ብሩሹን ውሃ ውስጥ ጣለችው፤ እጇን ጭኗ ሥር አስገብታ ተቀመጠችበት።

«ምን ሆንሽ?» አሉ ካፒቴን።

«እጄን አስሬው ነው።»

«ጎሽ።»

በማግስቱ ሁለተኛው እጅ ሲደረብ የሳሳችው ቦታ ብን ብላ ጠፋች። ሚጢጢ ገርሟት ቀረች። ስንት ጊዜ ያበላሸችው ለካ ለሚቀጥለው እጅ መተው የነበረበትን ሥራ ለአንዱ እያሸከመች ነው። ከዚያ ወዲያ በየማታው አንድ እጅ ብቻ ትቀባለች። ቀን ቀን ካፒቴን በውሃና በብርጭቆ ወረቀት ሽው አድርገው ያሹታል። ምሽት ላይ ወለሉን ውሃ አርከፍክፈው አቧራውን ያስተኛሉ፣ የበሩንም ሥር በእርጥብ ፎጣ ይደፍናሉ።

በሳምንቱ አጋማሽ ቀያሹ ከመስክ ተመለሰ። ጫማው፣ ጃኬቱ፣ ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ነው። ቤቱን ዞሮ ማንንም ሲያጣ የክፍሏን በር አንኳኳ።

«ማነው?» አሉ ካፒቴን።

«እኔ ነኝ አባዬ። ምነው ተዘጋ?»

«ቀለሙ አልደረቀም። ጫማህን አውልቅ። ጃኬትህንም አራግፈው፤ እዚህ አይደለም፣ ወጥተህ ደረጃው ላይ!»

«በገዛ ቤቴ?»

«የገዛ ቤትህን መቼ አወቅከው? የሰው ክፍልና ዕቃ ማስቀመጫ ያልለየህ!»

ከበሩ ወዲያ ጫማ ሲወልቅ ተሰማ። ሚጢጢ ሳቋ ቀለሙ ላይ ትንፋሽ እንዳይሆንባት ከጠረጴዛው ፊቷን አዞረች። ቆይቶ በሩ በስንጥቅ ተከፈተና ቀያሹ በካልሲ፣ ራሱን እያከከ ብቅ አለ። አንዴ ሚስቱን፣ አንዴ አባቱን አየ። አባቱ አልጋው ላይ መነጽር አድርገው ተቀምጠዋል፤ ጣቶቻቸው ሰማያዊ ናቸው።

«እኔ ስንት ዓመት ነው መስክ የቆየሁት?» አለ።

«ቅረብ» አሉት ካፒቴን። ሲቀርብ ጆሮውን ቆነጠጡት፤ ከዚያ ለቀውት «አሁን ተቀመጥና እይ» አሉት።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሁለቱም ጎኖች አለቁ። ሚጢጢ አውቶቡሱን አንስታ መስኮቱ ጋ ቀስ አድርጋ አዞረችው። ብርሃኑ ከፊተኛው በር ተነስቶ አንድም ቦታ ሳይደናቀፍ እስከ ኋላ መብራቱ ሄደ። እንከን የለውም ማለት አይደለም። ከኋላ ጎማው በላይ አንዲት የአቧራ ፍሬ ቀለሙ ሥር ቀርታለች፤ ሚጢጢ የት እንዳለች ታውቃለች። ለካፒቴን ነገረቻቸው። መነጽራቸውን አውልቀውም አድርገውም ፈለጓት፣ አላገኟትም።

«ጣሪያውስ?» አሉ።

«እሱ ቀርቷል። ክሬም ቀለም ነው የሚቀባው።»

«እሱን እንኳ ዝም ብለሽ ለቅለቅ አድርጊው። ጣሪያ ማን ያየዋል? ዕድሜዬን ሙሉ ስነዳ የመኪናዬን ጣሪያ አይቼው አላውቅም።»

ሚጢጢ አውቶቡሱን ጠረጴዛው ላይ፣ ፊት ለፊታቸው አቆመችው።

«ይኸው። አሁን ምኑን ነው የሚያዩት?»

ካፒቴን ጎንበስ ብለው አዩ። ከአልጋው ጠርዝ ቁልቁል ሲታይ ጎኑ የለም፣ ጎማው የለም። ያለው ጣሪያ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ነጭና ባዶ ጣሪያ።

«ለካ ይሄን ያህል ሰፊ ነው» አሉ።

ሚጢጢ ክሬሙን ቀለም በትንሽ ሳህን አቀጠነችና ሰፊውን ብሩሽ ከነቀለሙ ዘረጋችላቸው።

«እኔ?»

«እርሶ።»

«ባበላሸውስ?»

«ማጠብ ያውቁበት የለ።»

ካፒቴን ከአልጋው ተነስተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ጀርባቸውን ቀጥ አደረጉ፣ ክርናቸውን አደላደሉ፣ እጃቸውን እያገላበጡ አዩትና ብሩሹን ያዙ። ሲጀምሩ ብሩሹ ትንሽ ወደ ጎን ሄደባቸው፤ ከዚያ ግን ዓይናቸውን አውቶቡሱ ጅራት ላይ ጥለው ሳቡት፣ ሳቡት፣ ከጠርዙም አሳለፉት። አንድ ክሬም መስመር ከፊት እስከ ኋላ ተጋደመ። መነሻው ላይ እንደ መቆልመም ብሏል። ሚጢጢ አየችው፤ እሳቸውም አዩት።

ካፒቴን ብሩሹን እንደገና ነከሩና የሚቀጥለውን መስመር ከጎኑ አስጠግተው ጀመሩ። ውጭ ደመናው ፀሐይዋን ሸፍኗት ክፍሉ ደብዘዝ ብሎ ነበርና፣ ሚጢጢ ተነስታ መብራቱን አበራችላቸው።